የአባቴን መጻሕፍት ከውሃ ላወጣችሁልኝ ሁሉ

ጎረቤቶቼ፣ ደንበኞቼ፣ መጽሐፍ የምትዋሱኝ ሁሉ፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ነሐሴ 12 ሌሊት የደረሰብኝን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ግማሾቻችሁማ እዚያው ጭቃው ውስጥ አብራችሁኝ ነበራችሁ። ያኔ ድንጋጤው ምስጋናውን አስረስቶኝ ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ በወጉ ላመስግናችሁ።

ለማታውቁኝ ባጭሩ ልንገራችሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከጣና ብዙም አይርቅም። ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ያለው ግድግዳ የአባቴ መጻሕፍት ነው፤ 326 ነበሩ። አባቴ እዚሁ ባሕር ዳር፣ በጣሊያን የጦር ካሳ በተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ደመወዝ ሲወጣ አንድ መጽሐፍ ይገዛል። ማታ አቡጀዲ ቆርጦ ይለብጠዋል፤ ጀርባው ላይ ርዕሱን በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፍበታል። ሳይለብጥ ያነበበው መጽሐፍ ትዝ አይለኝም።

እሱ ሲያርፍ መጻሕፍቱን ቤት ቆልፌ ማስቀመጥ አልሆነልኝም። ሱቅ አመጣኋቸው። ቀሚስ ሊለኩ የመጡ ሴቶች ተራ እስኪደርሳቸው ያነባሉ። ከዚያ “ልውሰደውና ልመልሰው?” ማለት መጣ። ደብተር ገዛሁ፤ ስም፣ ርዕስ፣ የተወሰደበት ቀን። ገንዘብ የለም፣ መያዣም የለም። “መጽሐፍ የሚያውስ ሞኝ ነው” ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን ተማሪዎቹ ከትምህርት ሲወጡ ቦርሳቸውን እንዳዘሉ መደርደሪያው ሥር ቁጢጥ ብለው ሲያነቡ ማየት ደስ ይለኛል።

ያን ዕለት የቡሄ ዋዜማ ነበር። የሰፈሩ ልጆች አመሻሹ ላይ በራፌ መጥተው ጨፈሩ፣ ሙልሙላቸውን ተቀብለው ሄዱ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ውሃው ወዴት ይሂድ? ቦዩ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኗል። ሱቄ ስደርስ ውሃው ከጉልበቴ በታች ነበር። የታችኞቹ ሁለት መደርደሪያዎች ሰጥመዋል። አባቴ የጻፈው ሰማያዊ ቀለም ነጩ አቡጀዲ ላይ ሲፈስ በባትሪ አየሁት። ጉልበቴ ከዳኝ።

መጀመሪያ የደረሳችሁልኝ እናንተው የሆያ ሆዬ ልጆች ናችሁ። ማን እንደቀሰቀሳችሁ እስከዛሬ አላወቅሁም። በሰልፍ ቆማችሁ ከእጅ ወደ እጅ አቀባበላችሁ። ትንሹ፣ ጅራፉን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ የመጣው፣ መጽሐፉን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ ነበር የሚወስደው። እናቶቻችሁ ሳፋና ማዳበሪያ ይዘው መጡ። ጎህ ሲቀድ ውሃ የነካቸው 121 መጻሕፍት ጎረቤቴ እማማ ሳሎን ውስጥ ተዘርግተው ነበር። እማማ የቡሄ ዳቧቸውን ለእንግዳ የሚያቀምሱበት ሳሎን ነው። ምንጣፋቸውን ጠቅልለው አነሱና “አስቀምጪ ልጄ” አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ጠዋት ፀሐይ ወጣ። ግቢ ውስጥ ላሰጣቸው ስሯሯጥ፣ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ደንበኛዬ ደረሰች። እህቴ፣ ያን ቀን ባትመጪ ኖሮ በገዛ እጄ አበላሻቸው ነበር። ፀሐይ ወረቀቱን ያጣምመዋል አልሽኝ። እርጥብ መጽሐፍ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ይህን ሁሉ ደግሞ በሁለት ቀን ማድረቅ አንችልም አልሽኝ። “ፍሪዘር ያለው ሰው ታውቂያለሽ?” ስትዪኝ የምትቀልጂ መስሎኝ ነበር። ለካ በረዶ የሆነ መጽሐፍ ሻጋታ አያወጣም። ባለበት ይቆያል። ጊዜ ይገኛል፤ ከዚያ ጥቂት ጥቂት እያወጡ ማድረቅ ነው።

ፍሪዘር ያለው ማን ነው? ዓሣ ነጋዴው ጋሼ ናቸዋ! ባጃጅ ይዘን ሄድን። ባለ ባጃጁ ወንድሜ፣ አራት ጊዜ ተመላልሰህ ሳንቲም አልተቀበልከኝም፤ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ነገሩን እስከ መጨረሻው እንኳን አልሰሙኝም። ትልቁን ፍሪዘር ከፈቱ፣ ቆሮሶውንና አምባዛውን ወደ ሌላው አዛወሩ፣ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ወለወሉት። እያንዳንዱን መጽሐፍ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ በፌስታል ጠቀለልነው። 84 መጽሐፍ ገባ። መብራት በጠፋ ቁጥር ጋሼ በራሳቸው ነዳጅ ጄኔሬተር ያስነሱ ነበር። ይህን የነገረኝ ልጃቸው ነው፤ እሳቸው አልነገሩኝም። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የቀረውን ክረምት ሁሉ የገበያዎትን ግማሽ ለእኔ ወረቀት ሰጡ።

ከዚያ ማድረቁ መጣ። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጨርሳል። መጽሐፉን ገለጥ አድርጎ ማቆም፣ በየጥቂት ገጹ ሶፍት ማስገባት፣ ሶፍቱ ሲርስ መቀየር፣ ቬንትሌተሩን ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ማዞር። ዩኒቨርሲቲ የምትማሪው ልጅ፣ ከአንድ መጽሐፍ ጋር ከጠዋት እስከ ማታ ስትቀመጪ አይቼሻለሁ። ቅጠሎቹን በማስመሪያ ጫፍ ቀስ እያልሽ ትለያያለሽ። አንዷ ስትላቀቅ ትንፋሽሽን ትለቂያለሽ። ሲደርቁ ደግሞ እንዳይሸበሸቡ በእማማ የወፍጮ ድንጋይ ተጫንናቸው። 76ቱ ዛሬ ይነበባሉ። አንዳንዱ ወፍሯል፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። ግን ይነበባል።

31ዱ አልተረፉም። ብዙዎቹ ሥዕል ያለባቸው፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያላቸው ናቸው፤ እነሱ አንዴ ከተጣበቁ አይላቀቁም። አቡጀዲያቸውን ፈትቼ አጥቤ አስቀምጫለሁ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልበል። ውሃው በገባበት ሌሊት 57 መጻሕፍት ሱቅ ውስጥ አልነበሩም። እናንተ ዘንድ ነበሩ። በሽንብጥ፣ በግሽ ዓባይ፣ አንዱ እንዲያውም ባሕር ማዶ ዘጌ። በማግስቱ ማንም ሳይጠራችሁ አንድ በአንድ ይዛችሁ መጣችሁ። ደረቅ ነበሩ፣ ጽሑፋቸው እንዳለ። ከነዚህ አንዱ አባቴ ከሁሉ የሚሳሳለት ነበር፤ እዚሁ ጣና ዳር፣ ዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፤ የእኛው በኋላ የታተመ ቅጂ ነው። መደርደሪያው ላይ ቢሆን ቦታው ከታች ነበር።

እሱን ይዘህ የመጣኸው ወንድሜ፣ ሰባት ወር አቆይተኸዋል። ሁለት ጊዜ ደውዬልሃለሁ፤ ሁለተኛውን በቁጣ ነበር። ደብተሩ ላይ ስምህን በቀይ አስምሬበታለሁ። በዚያ ጠዋት በሩ ላይ ቆመህ መጽሐፉን በሁለት እጅህ ስትሰጠኝ “ይቅርታ፣ ስላዘገየሁት” አልከኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ለቅሶው ቃል አላስወጣኝም። ይኸው አሁን በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ቀዩን መስመር አጥፍቼዋለሁ።

መሪጌታ ደግሞ አሉ፤ ከደሴቶቹ ከአንዱ ለጉዳይ ወደ ከተማ የመጡ፣ ወሬውን ሰምተው የገቡ። የተዘረጋውን ሁሉ አዩ፣ ዝም አሉ። ቆይተው “ልጄ፣ መጽሐፍ መሬት አይተኛም” አሉኝ። የገዳማቱ ብራና በቆዳ ማኅደሩ ሆኖ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል አስረዱኝ። እርጥበት ከታች ነው የሚመጣው፣ አይጥም ከታች ነው የሚመጣው አሉ። እውነት ነው፤ ጣና መሐል ያሉ መጻሕፍት ስንት ክረምት ያለፉት በዚህ መላ ነው። አናጺው ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ በሳምንቱ አዲስ መደርደሪያ ሠራልኝ። የታችኛው እርከን አሁን ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሏል። የእንጨቱን ዋጋ ብቻ ተቀበለ። ቁመታቸው ለማይደርስ ልጆች ብሎ ደግሞ መቆሚያ በርጩማ ጨመረልኝ፤ እሱን አላዘዝኩትም ነበር።

ቦዩን ለጠረጋችሁት ወጣቶችም እጃችሁ ይባረክ። ከጠረጋችሁት በኋላ ሁለት ትልልቅ ዝናብ ጥሏል፤ ደጃፌን ብቻ አርሶ አለፈ።

ደብተሩ ራሱ ውሃ ገብቶበት ስለነበር አዲስ ገዝቻለሁ። የ57ታችሁን ስም መጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፌያለሁ። ይዛችሁ የመጣችሁትን መልሳችሁ ውሰዱ፤ ሳይጨርሰው የመለሰ እንዳለ አውቃለሁ። ጋሼ ፍሪዘር ውስጥ ገና 14 ቀርተዋል። ለመስቀል አውጥተን እንጨርሳቸዋለን ብለናል። ቅዳሜ ከሰዓት ሶፍት መቀየር የምትችሉ ካላችሁ እማማ ቤት ነን፤ ቡና አለ።