ይድረስ ለእማዬ፣ ስለ ቅዳሜዋ ኪኒን

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ይሄን ደብዳቤ ለእህቴ በቴሌግራም ልኬላታለሁ። ፊደሉን ተለቅ አድርጋ አሳትማ ትሰጥሻለች። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው። ስልክ ላይ ልነግርሽ ሦስቴ ሞከርኩ። ሦስቴም "አንተ በላህ ወይ?" እያልሽ ወሬ አስቀየርሽኝ። ወረቀትን ግን ወሬ ማስቀየር አይቻልም።

ባለፈው እሁድ በቪዲዮ ስናወራ ቡና እየጠጣሽ ነበር። ሁለተኛው ስኒ ላይ ቡናው በግራ በኩል ከከንፈርሽ አምልጦ በአገጭሽ ወረደ። ነጠላሽ ላይ ጠብ እስኪል አልታወቀሽም። የደነገጥሽው እህቴ በሶፍት ስትጠርግልሽ ነው። "ምን ሆነሽ ነው?" ስልሽ "ማደንዘዣው አልለቀቀኝም" ብለሽ ሳቅሽ። እማዬ፣ የጥርስ ማደንዘዣ የሰዓታት ጉዳይ ነው። አንቺ መንጋጋ ጥርስሽን ከተነቀልሽና ለሚተከልልሽ ጥርስ አጥንት ከተሞላልሽ ዘጠኝ ሳምንት ሆነሽ።

ስልኩ እንደተዘጋ እህቴን አፋጠጥኳት። ድድሽ እስካሁን እንዳልገጠመ፣ ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ነገር እንደሚታይ፣ ጠዋት ጠዋት አፍሽን መጥፎ መጥፎ እንደሚልሽ ነገረችኝ። "በሰው አገር ይጨነቃል፣ እንዳትነግሪው" ብለሽ እንዳስማልሻትም ነገረችኝ። እሷን እንዳትቆጪያት። መሐላዋን ያስፈረስኳት እኔ ነኝ።

አንቺን ለመቆጣት ደግሞ አፍ የለኝም። እኔም ዋሽቼሻለሁ። ያውም ሁለቴ።

የመጀመሪያው ቀላሉ ነው። ካቻምና "ድምፅህ ምነው ታፈነ?" ብለሽኝ "ጉንፋን ነው" አልኩሽ፣ ትዝ ይልሻል? ዝንጅብል በማር አፍልተህ ጠጣ አልሽኝ። ጉንፋን አልነበረም። የላይኛው መንጋጋ ጥርሴ ተነቅሎ፣ ጥርስ የሚተከልበት አጥንት ስስ ነው ተብሎ፣ ሳይነስ የሚሉትን፣ ከአፍንጫ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ፣ ወለሉን ከፍ አድርገው አጥንት ሞልተውልኝ ነበር። "ሁለት ሳምንት እንዳትናፈጥ፣ ማስነጠስ ከመጣብህ አፍህን ከፍተህ አስነጥስ" ብለውኛል። በአምስተኛው ቀን ሥራ ቦታ ረስቼ ተናፈጥኩ። በማግስቱ ውሃ ስጠጣ በቀኝ አፍንጫዬ ተመልሶ ወጣ። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ወዲያው መሄድ ሲገባኝ፣ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ አፍሬ አራት ቀን ደበቅሁት። ስሄድ አመርቅዞ ነበር። የተሞላው አጥንት አብዛኛው ተጠርጎ ወጣ፣ ድዴን ጎትተው ቀዳዳውን ዘጉት። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። "ምነው ያን ቀን ብትደውል" ብቻ አለችኝ። ያቺ "ምነው" ከመርፌው በላይ ወጋችኝ።

ሁለተኛው ውሸት ግን ይከብዳል። ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለሱ ነው።

የዛሬ አምስት ዓመት በክረምት ደጃፍሽ ላይ አዳልጦሽ የእጅሽ አንጓ ሲሰበር፣ ሐኪሙ አጥንትሽ ሳስቷል ብሎ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘልሽ። አሌንድሮኔት ይባላል፣ ባለ 70 ሚሊ ግራሙ። አንቺ "የግፊቱ ይበቃኛል፣ ሌላ መድኃኒት አልጨምርም" ብለሽ እምቢ አልሽ። እኔም ከዚህ ሆኜ፣ ነገሩን ላቅልልሽ ብዬ፣ "መድኃኒት አይደለም እኮ፣ ቫይታሚን ነው" አልኩሽ። በዚያው ቫይታሚን ሆኖ ቀረ። ይኸው በየቅዳሜው ማለዳ በባዶ ሆድሽ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ትውጫታለሽ። ከዚያ ጋደም ሳትዪ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብለሽ ትቀመጫለሽ። ውዳሴ ማርያምሽንም በዚያችው ሰዓት ታደርሻለሽ።

ታዲያ የጥርስ ሐኪሙ "የሚወስዱት መድኃኒት አለ እናቴ?" ሲልሽ "የግፊት ብቻ" አልሽ። ምን አጠፋሽ? ቫይታሚንን ማን መድኃኒት ብሎ ይቆጥረዋል? እሱም ጠይቋል፣ አንቺም መልሰሻል። በመሀል የዋሸሁት እኔ ነኝ።

አጥንት ዝም ብሎ የተቀመጠ ድንጋይ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ይፈርሳል፣ ይሠራል። አፍራሽ አለው፣ ገንቢ አለው። ስናረጅ አፍራሹ ይበረታና አጥንት ይሳሳል። ያቺ ኪኒን አፍራሹን ታስተኛዋለች። ለወገብሽና ለዳሌሽ ደግ አድርጋለች። ጥርስ ሲነቀል ግን ሥራው ሌላ ነው። የጭቃ ቤት ስታስጠግኚ የምታውቂው ነው፤ የላላው ጭቃ ሳይራገፍ አዲሱ ምርጊት አይዝም። መንጋጋም እንደዚያው ነው። የሚያራግፈው ተኝቶ ከሆነ አዲሱ አጥንት የሚይዝበት ያጣል። አንዳንዴም ነባሩ አጥንት ራሱ ደም ርቆት ይሞታል፣ ድዱም ሳይሸፍነው ይቀራል። ሐኪሞች ይሄን አስተውለው መጻፍ የጀመሩት በፈረንጆቹ 2003 ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ አጥንቱ ከስምንት ሳምንት በላይ ተጋልጦ ከቆየ ይሄን ነው የሚጠረጥሩት።

አትደንግጪ። በብዛት የሚታየው ለካንሰር ብለው በደም ሥር በከፍተኛ መጠን በሚወስዱት ላይ ነው። እንዳንቺ በሳምንት አንድ ፍሬ በሚውጡት ላይ ብዙም አያጋጥምም። ዓመቱ ሲገፋ ግን ይጨምራል፣ አንቺም አምስት ዓመትሽ ነው። ደግሞ እሱ ነው ብዬ አልፈርድም። ተራ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ከታችኛው መንጋጋ ውስጥ ወደ ከንፈርና አገጭ የሚሄድ ነርቭም አለ፣ እሱ ሲነካ ወይም ሲጫን ነው ከንፈር የሚደነዝዘው። ሐኪሙ አይቶ፣ ራጅ አንስቶ ይለየው። ግን ያልነገርሽውን ከየት ያመጣዋል?

በመጀመሪያው ሳምንት "አፌ ውስጥ አሸዋ አለ" ስትዪኝ ያልተጨነቅኩት የሞሉት አጥንት ፍርፋሪ ስለሆነ ነው። ትንሽ ትንሽ መውጣቱ ያለ ነው። እብጠቱም በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ጉንጭሽን እንደ ዳቦ ቢነፋውም የሚጠበቅ ነበር። ይሄ የአሁኑ ግን አይጠበቅም።

አንድ ነገር ሳስብ ራሴን ይገርመኛል። ያኔ "የከብት አጥንት አፌ ውስጥ አስቀምጬ እንዴት ነው የምጾመው?" ብለሽ ቤቱን አስጨንቀሽ አልነበር? ሥጋውና ስቡ ወጥቶለት ማዕድኑ ብቻ የቀረ ነው ብዬ ስንት ቀን ለመንኩሽ! በመጨረሻ የነፍስ አባትሽ "መድኃኒት ነው" ሲሉሽ ነው ያረፍሽው። ከላይ የሚሸፍኑበት ስስ ሽፋን አንዳንዱ ከአሳማ እንደሚሠራ ሰምቼ፣ ያንቺ ከምን እንደሆነ እህቴን ልኬ አስጠይቄያለሁ። ከከብት ነው ተባልኩ፣ እፎይ አልኩ። ለጾምሽ ይሄን ሁሉ ስጠይቅ፣ ስለ ቅዳሜዋ ኪኒን አንዲት ቃል ትዝ አላለኝም።

ኪኒኗን በራስሽ እንዳታቆሚ ደግሞ። አጥንት ውስጥ ገብታ ለዓመታት የምትቆይ ናት። የዚህን ቅዳሜ ብትዘልያት የዛሬው ቁስል በዚያ አይድንም። ይቀጥል አይቀጥል፣ ሁለቱ ሐኪሞች ይነጋገሩበት።

ጎረቤትሽ ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ያዢበት ያሉሽን ተዪው። ለደግ ብለው ነው፣ ግን የተጋለጠ አጥንት ላይ ያቃጥላል እንጂ አያድንም። ቅርንፉድ ሐኪሞቹም ይጠቀሙበታል፣ ለሌላ ዓይነት ቁስል ነው፣ ያንቺ ላይ አንቺው እንዳታደርጊው። መፋቂያሽን በዚያ በኩል አትስደጂ። ለብ ያለ ውሃ በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አፍሽ ውስጥ ያዝ አድርገሽ፣ ሳትጉመጠመጪ፣ ዘንበል ብለሽ ልቀቂው። አጥሚትና ሽሮ ይበቃሻል። ቆሎ እንድትቆረጥሚ ብዬ ነበር ጥርስ ይተከልልሽ ብዬ የገፋፋሁሽ፣ ቆሎው ይቆየን።

እህቴ ለሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጠሮ ይዛልሻለች። እስከዚያው አገጭሽ ሥር ካበጠ፣ ከተኮሰሽ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ሐሙስን አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። "ሰው አላስቸግርም" የምትዪውን ነገር ለዚህ አንድ ጊዜ ተዪልኝ።

ሐኪሙ "እንዴት ነዎት?" ሲልሽ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" እንደምትዪው አውቃለሁ። በዪው፣ ምስጋናው አይቅር። ግን ከምስጋናው በኋላ ከንፈርሽ እንደደነዘዘ ንገሪው። ቡናውንም ንገሪው። እህቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ታስቀምጠዋለች፣ እኔም እሰማለሁ። እዚህ ሜሪላንድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል፣ አልተኛም። ከዘለልሽው እኔ እናገራለሁ። ቫይታሚን ነው ያልኳት እኔ መሆኔንም ራሴ እነግረዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ከቤት ስትወጪ፣ ከሥዕለ ማርያም ሥር የምታስቀምጫትን፣ አራት ፍሬ የምትይዘውን የኪኒኗን ካርቶን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቻት። ባዶ ብትሆንም ክተቻት፣ ስሟ ላይዋ ላይ ተጽፏል።

ልጅሽ