ልጅ ቤት ውስጥ ስላለ ጥቃት ሲነግረን ምን እናድርግ?

ውድ አባላት፣

«ልጁ እኮ አልተመታም፤ ያየው ብቻ ነው» የሚለውን አስተያየት ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ አልስማማበትም። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ሰፊ ጥናት እናት ስትደበደብ ማየት ራሱን የቻለ የልጅነት ጉዳት ሆኖ ተቆጥሯል። እንዲህ ያሉ ጉዳቶች በተደራረቡ ቁጥር በአዋቂነት ዘመን የድባቴ፣ የመጠጥ ሱሰኝነትና የልብ ሕመም ስጋት አብሮ ይጨምራል። ጥቃቱ ካቆመ ከብዙ ዓመታት በኋላ ማለት ነው!

ልጅ ሲነግራችሁ በእርጋታ አድምጡት፣ እመኑትም። ጥያቄ አታብዙበት፤ ማጣራት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ሥራ ነው። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡለት፤ መናገር ይኖርባችኋልና። ተጠርጣሪውንም ራሳችሁ አትጋፈጡ፤ ቁጣው ልጁ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የተናገረውን በራሱ ቃል ጽፋችሁ በዚያው ቀን ለሕፃናት ጥበቃ ባለሙያ ወይም ለፖሊስ አሳውቁ። «በቤተሰብ መካከል በእርቅ ይለቅ» የሚለውን ግን እባካችሁ አትቀበሉ።