በቆዩ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ክሶች ለደገፋችሁን ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

በሜሪላንድ፣ በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ ወገኖቻችን፤

በዚህ ዙር ይዘናቸው የነበሩት የቆዩ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ክሶች እልባት አግኝተዋል። ከፊሎቹ ውድቅ ሆነዋል፣ ከፊሎቹ በስምምነት አልቀዋል። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ግን የለም፤ ለእኛ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ መረጃ በተገኘባቸው ፍርድ ቤቶች ከዕዳ ክሶች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተከሳሹ መልስ ሳይሰጥ ወይም ሳይቀርብ የተፈረደባቸው ናቸው። ስለዚህ ምስጋናችንን «ለሁላችሁም» ብለን በጥቅሉ ከምናልፈው፣ ማን ምን እንዳደረገና ለምን እንደጠቀመ ብንዘረዝረው ነገ መጥሪያ ለሚደርሰው ሰው ይበጃል ብለን አሰብን።

ከሁሉ አስቀድመን የምናመሰግነው መጥሪያውን በደረሰበት ዕለት ከፍተው፣ የደረሰበትን ቀን በእስክሪብቶ ፖስታው ላይ የጻፉትን የቤተሰብ አባላት ነው። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት፣ በግዛቱ ውስጥ መጥሪያ የደረሰው ሰው «ኖቲስ ኦፍ ኢንቴንሽን ቱ ዲፌንድ» የሚባለውን የመከላከያ ማስታወቂያ ለማስገባት ያለው ጊዜ 15 ቀን ነው። ቀኑ የሚቆጠረው መጥሪያው ከደረሰበት እንጂ ወረቀቱ ላይ ከታተመው ቀን አይደለም። መጥሪያውን የተቀበለው አብሮ የሚኖር አዋቂ ሰው ቢሆንም እንኳ ብዙ ጊዜ ለተከሳሹ እንደደረሰ ይቆጠራል፤ «ለእኔ አልሰጡኝም» ማለቱ ብቻውን አያድንም። አንድ ተደጋጋሚ ስህተት እዚህ ላይ እናንሳ፦ 04/07 የሚለውን ቀን ብዙዎቻችን በልማድ ጁላይ 4 ብለን እናነበዋለን። እዚህ አገር ኤፕሪል 7 ነው። መልስ የመስጫ ጊዜው በዚህ ብቻ ያለፈበት ሰው አለ።

በሌላ ግዛት ዘመድ ያላችሁ፣ የ15 ቀኑን ደንብ እንዳለ አታስተላልፉ። በቴክሳስ የጀስቲስ ፍርድ ቤት 14 ቀን፣ በሚኒሶታ 21፣ በካሊፎርኒያና በጆርጂያ 30 ቀን ነው። በቨርጂኒያ ጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ደግሞ «ዋራንት ኢን ዴት» የሚባለው ወረቀት ላይ በተጻፈው ቀን በአካል መቅረብ ነው ዋናው ነገር። «ዋራንት» ስለተባለ የደነገጡ ነበሩ፤ የእስር ማዘዣ አይደለም። የሚኒሶታው ለየት ይላል፦ ከሳሹ ክሱን ፍርድ ቤት ሳያስገባ መጥሪያውን ለተከሳሹ ሊያደርስ ይችላል። ሰው ፍርድ ቤት ደውሎ «በስምዎ ምንም መዝገብ የለም» ሲባል ማጭበርበር ነው ብሎ ይጥለዋል፤ ቀኑ ግን ይቆጠራል። መልሱ በጊዜው ለከሳሹ ጠበቃ መድረስ አለበት።

ስልክ ለማንሳት የተቻኮሉትን ወገኖች «ቆይ፣ መጀመሪያ ወረቀቱ ይግባ» ብላችሁ ላረጋጋችሁ ወጣቶችም ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ለከሳሹ ጠበቃ መደወል መልስ መስጠት አይደለም። ደብዳቤ ጽፎ ለዕዳ ሰብሳቢው (እኛ ኮሌክሽን ለምንለው) መላክም አይደለም። ስልኩ ላይ «ለጊዜው 50 ዶላር ብቻ ይክፈሉ፣ እናስተካክለዋለን» ሲባል በየዋህነት የሚከፈለው ገንዘብ በብዙ ግዛቶች የይርጋውን ጊዜ፣ ማለትም በዕዳው ክስ ሊቀርብ የሚችልበትን የሕግ የጊዜ ገደብ፣ እንደገና ከዜሮ ያስጀምረዋል። በሜሪላንድ ከ2016 ወዲህ ይርጋው ካለፈ በኋላ የተከፈለ ገንዘብ ዕዳውን ነፍስ አይዘራበትም፤ ገና ሳያልፍ የተከፈለው ግን ሌላ ነገር ነው።

የድሮ ስቴትመንቶችን ከየካርቶኑ አውጥታችሁ በቀን ቅደም ተከተል የደረደራችሁ የሂሳብ ባለሙያዎች፣ የይርጋው መቃወሚያ የቆመው በእናንተ ሥራ ላይ ነው። የይርጋ ጊዜው በሜሪላንድና በዲሲ 3 ዓመት፣ በቴክሳስና በካሊፎርኒያ 4፣ በሚኒሶታና በጆርጂያ 6 ነው። ቨርጂኒያ የተፈረመ ውል ካለ 5፣ ከሌለ 3 ዓመት ትላለች። ሰው ሁሉ የሚያውቀው «7 ዓመት» ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ እሱ ያልተከፈለው ዕዳ በክሬዲት ሪፖርት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሪፖርቱ ላይ ያለ ዕዳ ይርጋ ያለፈበት ሊሆን ይችላል፣ ከሪፖርቱ የወጣ ዕዳም ሊያስከስስ ይችላል።

መቁጠሪያው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ክፍያው ከተቋረጠበት ጊዜ ነው። ባንኮች የክሬዲት ካርድ ሂሳብን 180 ቀን ሳይከፈልበት ሲቀር ከኪሳራ መዝገብ ያስገቡታል፣ «ቻርጅ ኦፍ» የሚባለው ነው። ከሳሾች ይህን የኋለኛውን ቀን መነሻ ሲያደርጉት ስድስት ወር ገደማ ያተርፋሉ። ስለዚህ የመጨረሻው ክፍያ የታየበትን ስቴትመንት ማግኘት ክሱን ሊጥለው ይችላል። የፌዴራሉ ደንብ ከኖቬምበር 30፣ 2021 ጀምሮ ዕዳ ሰብሳቢዎች ይርጋ ባለፈበት ዕዳ እንዳይከሱና በክስ እንዳያስፈራሩ ከልክሏል። ቢሆንም ይርጋውን ተከሳሹ ራሱ ካላነሳው ዳኛው አንስቶ ይረዳዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

በነፃ ላገለገላችሁን ጠበቆች ምን ብለን እንደምናመሰግን አናውቅም። ባንኩ ዕዳውን ለሌላ ኩባንያ ሲሸጥ የሚጻፉትን የዕዳ ሽያጭ ሰነዶች ገጽ በገጽ ያነበባችሁት እናንተ ናችሁ። አንዱን ብቻ ለምሳሌ እናሳይ፦ አንድ ገጽ ነው፣ ከላይ «ቢል ኦፍ ሴል» (የሽያጭ ሰነድ) ይላል፣ ሻጭና ገዢ ኩባንያዎች ተጠቅሰዋል፣ ከታች ፊርማ አለ። መሃሉ ላይ «በአባሪው የተዘረዘሩት ሂሳቦች ተሽጠዋል» ይላል። አባሪው ግን የለም። የተከሳሹ ስም የትም ገጽ ላይ አልተጻፈም፣ የሂሳብ ቁጥሩ መጨረሻ አራት አሃዞች እንኳ የሉም። ዕዳው ከባንኩ ወደ አንድ ገዢ፣ ከዚያ ወደ ሌላ፣ ከዚያ ወደ ከሳሹ ከተላለፈ እያንዳንዱ ዝውውር የራሱ ሰነድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ከጎደለ ከሳሹ የዕዳው ባለቤት መሆኑን አላስረዳም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት ዕዳ ገዢዎች ለአንድ ዶላር ዕዳ በአማካይ 4 ሳንቲም ይከፍሉ እንደነበር አሳይቷል። በዚህ ዋጋ የተገዛ ዕዳ ሙሉ ሰነድ ይዞ ባይመጣ አይገርምም።

የስማችን ነገርም አለ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚመዘገብ፣ ፊደሉም በየመዝገቡ ስለሚለያይ፣ የሌላ ሰው ዕዳ በሞክሼ ላይ ሲመጣ አይተናል። ስሙ መመሳሰሉ አያሳምናችሁ። የስቴትመንቱን አድራሻና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን መጨረሻ አራት አሃዞች አስተያዩ።

መልስ ሲጻፍ ደግሞ እውነቱን መጻፍ ይገባል። ካርዱን የተጠቀመ ሰው «ካርድ ኖሮኝ አያውቅም» ብሎ መጻፍ የለበትም፤ አያስፈልገውምም። «ይህን ከሳሽ አላውቀውም፣ የዕዳው ባለቤት መሆኑን ያስረዳ፣ የጠየቀው ገንዘብ ልክ አይደለም፣ ክሱ በይርጋ ታግዷል» ማለት እውነት ከሆነ በቂ መከላከያ ነው። በቁጥር ለተዘረዘረ ክስ የጽሑፍ መልስ በሚጠይቁ ግዛቶች ተራ በተራ ማመን፣ መካድ ወይም «አላውቅም» ማለት ያስፈልጋል፤ የታለፈው አንቀጽ እንደታመነ ይቆጠራል። በኋላ «ይህን ያምናሉ ወይስ ይክዳሉ?» የሚል የጥያቄ ዝርዝር በፖስታ ሊመጣ ይችላል። በብዙ ፍርድ ቤቶች በ30 ቀን ካልተመለሰ ሁሉም እንደታመነ ይወሰዳል። መልስ አስገብቻለሁ ብሎ የተዘናጋ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

በመስኮቱ በኩል በትዕግሥት ላስተናገዱን የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፦ የሕግ ምክር መስጠት እንደማይፈቀድላችሁ እናውቃለን። በእኛ ቅጂ ላይ የመታችሁት የገቢ ማኅተም ግን ከብዙ ምክር በልጦ ጠቅሞናል። የሜሪላንድ ፍርድ ቤት የነፃ ዕርዳታ ማዕከል ጠበቆችም በስልክና በቻት ላደረጋችሁልን እናመሰግናለን። የአማርኛ አስተርጓሚዎች፣ ያለ እናንተ ችሎቱ ለብዙዎች ጫጫታ ብቻ ይሆን ነበር። አስተርጓሚ በፍርድ ቤቱ ወጪ ስለሚቀርብ ቀደም ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ነው እንጂ የ12 ዓመት ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት አያስፈልግም።

ከችሎት በፊት ኮሪደሩ ላይ ከሰዎቻችን ጎን ለተቀመጣችሁ ልዩ ምስጋና አለን። ስም እየጠራ ወደ ጥግ የሚወስደው ሰው የፍርድ ቤት ሠራተኛ ይመስላል፤ የከሳሹ ጠበቃ ነው። የሚያቀርበው ወረቀት አንዳንዴ ስምምነት ሳይሆን ተከሳሹ ወዶ የሚፈርምበት ፍርድ ነው። ፍርድ ደግሞ በሜሪላንድ 12 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። በደመወዝ ላይ የሚኖረውን ዕገዳ የፌዴራል ሕግ ከተጣራው ደመወዝ ከ25 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦታል። ኡበርና ሊፍት ለሚነዱ ወገኖች ግን ይህ ከለላ ብዙም አይደርስላቸውም፤ የሚታገደው የባንክ ሂሳባቸው ነው። በሜሪላንድ ሂሳቡ በታገደ በ30 ቀን ውስጥ ያመለከተ ሰው እስከ 6,000 ዶላር ማስለቀቅ ይችላል። ሳይጠይቁት የሚመጣ ነገር አይደለም።

መስማማት ነውር አይደለም፤ ዕዳው የእውነት ከሆነና ይርጋውም ካላለፈ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ግን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። መጠኑ፣ የመክፈያው ቀን፣ ከተከፈለ በኋላ ክሱ «ዊዝ ፕሬጁዲስ»፣ ማለትም ዳግመኛ ሊከፈት በማይችልበት ሁኔታ እንደሚዘጋ፣ ሁሉም ይጻፍ። የባንክ ሂሳብ ቁጥር ሰጥቶ «ራሳችሁ ቁረጡ» ማለት አይመከርም። ከ600 ዶላር ጀምሮ የተማረ ዕዳ 1099-ሲ የሚባል የታክስ ቅጽ ሊያስከትል ስለሚችል፣ በዚያን ጊዜ ከንብረቱ ዕዳው ይበልጥ የነበረ ሰው፣ የተማረው ዕዳ እንደ ገቢ እንዳይቆጠር የሚጠየቅበትን ቅጽ 982ን ለታክስ ሠሪው ያንሳለት።

በመጨረሻም የውሳኔ ወረቀቶቹን ስካን አድርጋችሁ ለየባለቤቶቹ ላደላችሁ እህቶች እግዜር ይስጥልን። ወረቀቱ «ዊዝአውት ፕሬጁዲስ» የሚል ከሆነ ክሱ ሊመለስ ይችላል፣ ዕዳውም ለሌላ ገዢ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ውሳኔውን ከስቴትመንቶቹ ጋር በአንድ ፎልደር አኑሩት። ቀድሞውኑ በሌላችሁበት የተፈረደባችሁ ደግሞ በሜሪላንድ ፍርዱን ለማስነሳት የማመልከቻው ጊዜ ከፍርዱ ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በሩ በጣም ይጠብባል፤ መጥሪያው ጭራሽ ያልደረሳችሁ ከሆነ ግን ቀኑ አልፏል ብላችሁ ሳትተዉት በዚያኑ ሳምንት ጠበቃ አማክሩ።

ከምስጋና ጋር፣
የዕዳ ክስ በጎ ፈቃደኞች