የቡታጋዝ ማሞቂያውን ለምን እንዳነሳን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የተጎታች ቤት ተከራይ ደንበኞቻችን
ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን በስልክም በአካልም የደረሰን ቅሬታ በሦስት ነገሮች ላይ ነው። ከተጎታች ቤቶቹ ውስጥ የቡታጋዝ ማሞቂያውን አንስተን በናፍጣ ማሞቂያ ተክተናል። የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ በውል ከልክለናል። ማሞቂያው በጥቀርሻ ተደፍኖ ከተመለሰ የጽዳት ክፍያ እናስከፍላለን። ለውጡ ውርጩ ሊገባ ሲል በመድረሱ ሥራ ለተስተጓጎለባችሁ ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን ይጸናል። «ለትርፍ ብላችሁ ነው» የሚለው ቃል ለዓመታት ከምናውቃቸው ሰዎች አፍ ሲወጣ ከብዶናልና፣ ምክንያቱን ከነዝርዝሩ እንጽፍላችኋለን።

ከቡታጋዙ እንጀምር። «ደህና ይሠራ የነበረ ዕቃ ወሰዳችሁብን» ብላችኋል። ባሕር ዳር ወይም ዓባይ ድልድይ አካባቢ በእርግጥ ደህና ይሠራል። ተንቀሳቃሹ የቡታጋዝ ማሞቂያ ኦክስጅን ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አለው፤ የተስተካከለውም ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ከ2,100 ሜትር ገደማ በላይ ራሱን ሊያጠፋ እንደሚችል የታወቁ አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ጽፈውታል። ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ዕቃው ገና ከግቢያችን ሳይወጣ ከልኩ አልፏል ማለት ነው። እናንተ ደግሞ የምትወስዱት ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ ወደ ጮቄ ተራራ ነው። እዚያ፣ 4,000 ሜትር ላይ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ስድሳ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ «ጠፋብን፣ ተበላሸ» ብላችሁ የደወላችሁልን ማሞቂያ አልተበላሸም ነበር። መቆጣጠሪያው ሥራውን ሠርቷል።

ያስፈራን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። መቆጣጠሪያው እንዳያስቸግር ቁልፉ በሽቦ ታስሮ፣ ወይም ሽቦው ተቆርጦ በቀጥታ ተገናኝቶ የተመለሰልን ማሞቂያ አለ። ይህ ማሞቂያ የሚተነፍሰው እናንተ የምትተነፍሱትን አየር ነው፤ የተቃጠለውንም የሚመልሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ኦክስጅን ሲያንሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በዚያ ላይ አንድ ኪሎ ቡታጋዝ ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ጠዋት ጣሪያው የሚያንጠባጥበው፣ ቡሉኮው የሚረጥበው፣ ፍራሹ ከሥሩ የሚሻግተው ከዚህ የተነሳ ነው። ጣሪያው ስላፈሰሰ የመሰላቸው ደንበኞች ነበሩ።

የከሰሉ ጉዳይ ብዙዎቻችሁን እንዳስከፋ እናውቃለን። ጀበና ሳይጣድ የሚያልፍ ምሽት ለማናችንም ምሽት አይደለም። ነገር ግን «ጭሱ ከወጣ በኋላ ፍሙን ብቻ ነው የምናስገባው» የሚለው አያድንም። የሚገድለው ከጭሱ ጋር የሚሄደው ሳይሆን ቀዩ ፍም ራሱ የሚያወጣው ነው። የተጎታች ቤት ክፍል ደግሞ ከሳር ቤት ወይም ከቆርቆሮ ቤት በጣም ይጠባል፤ ንፋስ እንዳያስገባ ተብሎ የታሸገ ነው። ቡናውን ውጭ፣ በዳሱ ሥር አፍሉት። ለዚሁ ብለን ለእያንዳንዱ ተጎታች ቤት የሸራ ዳስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ጨምረናል።

ጮቄ ላይ አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ። የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ የሚጀምረው በራስ ምታት፣ በማዞርና በማቅለሽለሽ ነው። ከፍታ ያልለመደ ሰውም የሚያመው እንደዚሁ ነው። «ከፍታው ነው፣ ይለቀኛል» ብሎ የተኛ ሰው ላይነቃ ይችላል። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከታመሙ፣ ወይም ውጭ ሲወጡ ቀለል ካላቸው፣ ጋዝ ነው ብላችሁ ውሰዱት፤ ሁሉንም ሰው አውጡ፣ በሩን ክፈቱ፣ ማሞቂያውን አጥፉ፣ የታመመውን ወደ ጤና ተቋም አድርሱ። አሁን በየተጎታች ቤቱ የሰቀልነው ማንቂያ በአየሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ከሚሊዮን 50 እጅ ከሆነ በ60 እና በ90 ደቂቃ መካከል፣ ከሚሊዮን 300 እጅ ከደረሰ ደግሞ በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዲጮኽ የተሠራ ነው። ባትሪውን አውጥታችሁ ለሬዲዮ እንዳትጠቀሙበት እንለምናለን።

የናፍጣ ማሞቂያው የተለየ ነው። የሚያቃጥለውን አየር ከወለሉ ሥር ከውጭ ይስባል፤ የተቃጠለውንም በብረት ቱቦ ወደ ውጭ ይሸኛል። ወደ እናንተ የሚመጣው በጋለው ብረት ላይ ያለፈ ንጹሕ አየር ብቻ ነው። ይህ ሲባል ግን ከፍታው አያስቸግረውም ማለት አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ፓምፑ የሚልከው ናፍጣ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ክሩ ከመጠን በላይ የወጣ ኩራዝ እንደሚያጠቁረው ማሞቂያውም ውስጡን ያጠቁራል። ብዙዎቹ ማሞቂያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚስተካከሉት እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ላለ ቦታ ነው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የት እንደምታቆሙት የምንጠይቃችሁ ለወሬ አይደለም፤ የፓምፑን ምት ለዚያ ከፍታ ቀንሰን ልናስተካክል ነው። ለአማኑኤል ከተማ ብላችሁ ወስዳችሁ ጮቄ ላይ ካወጣችሁት ቶሎ ይደፈናል።

ጥቀርሻውን የሚያባብሰው ሌላው ነገር ሌሊቱን ሙሉ በዝቅተኛው ማስኬድ ነው። ናፍጣ ለመቆጠብ ታስቦ ነው፤ ይገባናል። ነገር ግን በዝቅተኛው እሳቱ በደንብ አይግልም፣ ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም። መካከለኛው ላይ አድርጋችሁ የጣሪያውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፈቱ። በየሦስት ቀኑ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት በከፍተኛው አስኪዱት፤ የተጠራቀመው ተቃጥሎ ይወጣል። ሁለት ኪሎዋት የሚሆነው ማሞቂያ በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.25 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ ለአሥር ሰዓት ሌሊት ቢበዛ ሁለት ሊትር ተኩል ማለት ነው። ይህን ያደረገ ደንበኛ የጽዳት ክፍያ አይከፍልም፤ ስንፈታው እናየዋለንና። ጽዳቱ እንዲህ ቀላል ሥራ አይደለም፦ ማቃጠያው ይፈታል፣ ጥቀርሻው ይፋቃል፣ የሚግለው ካንዴላና በዙሪያው ያለው ወንፊት ይለወጣል፣ መዝጊያ ጋስኬቱም አንዴ ከተፈታ አይመለስም።

ማሞቂያው አልነሳ ሲላችሁ መጀመሪያ ባትሪውን ተጠራጠሩ። በስልክ ከምንሰማው ችግር አብዛኛው ከዚያ ነው። ሲነሳ ካንዴላው ለጥቂት ደቂቃ እስከ 10 አምፔር ይስባል፤ ከተነሳ በኋላ ግን ከ1 እስከ 2 አምፔር ይበቃዋል። ቴስተር ካላችሁ ቮልቱን ባትሪው ላይ ሳይሆን ማሞቂያው ሶኬት ላይ፣ ሊነሳ እየሞከረ ሳለ ለኩ። ከ10.5 በታች ከወረደ ራሱን ይዘጋል። ባትሪው ላይ 12.5 እያለ ማሞቂያው ላይ 10 ከሆነ ችግሩ ከሽቦው ወይም ከላላ ማሰሪያ ነው፤ አጥብቁት፣ የዛገውን ፋቁት። የ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው፣ በውርጭ ጊዜ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ማሞቂያው ብቻውን ሌሊቱን ቢሠራ ከ20 አምፔር ሰዓት ብዙም አያልፍም። ባትሪውን የሚጨርሰው በኢንቨርተር የሚሠራው ቴሌቪዥን ነው፤ 100 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን ብቻውን በአንድ ሰዓት ከ8 አምፔር ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ባትሪው ደህና ከሆነ ጆሯችሁን ወደ ወለሉ አስጠጉና ፓምፑን ስሙ። ጠቅ ጠቅ ካላለ ፊውዙን እዩ። ጠቅ ጠቅ እያለ እሳት ካልያዘ ወይ ናፍጣ የለም፣ ወይ ቱቦው አየር ይዟል፣ ወይ ፊልትሮው በውኃና በቆሻሻ ተደፍኗል። ናፍጣ በጠፋ ጊዜ ከየጀሪካኑ የሚገዛው ውኃ የገባበት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሌሊት አስተኝታችሁ ከላይ በጨርቅ እያጠለላችሁ ቅዱ፣ የሥረኛውን አትጨምሩ። ከሁለት ጊዜ በላይ ደጋግማችሁ አታስነሱት። ያልተቃጠለው ናፍጣ ውስጡ ይጠራቀምና በመጨረሻ ሲይዝ ነጭ ጭስ እየለቀቀ በኃይል ይነድዳል። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ጥቁር ጭስ የአየር እጥረት ነው። ጥቁር ካያችሁ የአየር መሳቢያውንና የጭስ ማውጫውን ጫፍ ፈትሹ፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ ገለባ ይደፍነዋል። ተጎታች ቤቱንም በደረቀ ሣር ላይ አታቁሙ፤ ቱቦው ሣሩን ሊያቀጣጥል ይችላል።

ተነስቶ ጥቂት ቆይቶ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የሞቀው አየር መውጫ ላይ ጋቢ ወይም ቦርሳ ተጭኖበት እንደሆነ እዩ። መውጫው ሲዘጋ ከልክ በላይ ይግልና ራሱን ያቆማል። ስታጠፉትም በቁልፉ ብቻ አጥፉ። ማራገቢያው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይቀጥላል፤ ብረቱን እያቀዘቀዘ ነው። «አልጠፋ አለኝ» ብሎ የባትሪውን ገመድ የነቀለ ሰው ዕቃውን ያቃጥላል።

ስለ ዋጋው በግልጽ እንናገር። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ካንዴላው፣ ፓምፑ፣ ማንቂያው ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነው። የናፍጣ ማሞቂያ ከቡታጋዙ እጅግ ይወደዳል፤ ትርፍ ብንፈልግ ኖሮ ርካሹን ትተንላችሁ ዝም ማለት ይቀለን ነበር። ይህ ድርጅት ከመንገድ ሥራ ካምፕ የተጣሉ ኮንቴይነሮችን በጎማ ላይ በመበየድ የተጀመረ የጎጃም ልጆች ሥራ ነው። ያኔ እምነት የጣላችሁብን ቀያሾች፣ የታወር ሠራተኞችና ተመራማሪዎች ዛሬም ደንበኞቻችን ናችሁ። በዚህ የተነሳ ኪራይ ጨምረናል፤ ጭማሪው ከመውጣቱ በፊት የተፈረመ ውል ግን እስኪያልቅ በድሮው ዋጋ ይቀጥላል። ለድሮ ደንበኞች መጀመሪያ የሚደፈነውን ማሞቂያ በነጻ እናጸዳለን። ከዚህ በላይ ብንቀንስ መለዋወጫ መግዛት ያቅተናል። ሌላ ቦታ ለመከራየት የምታስቡ ካላችሁ እንኳ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ መጥታችሁ አነጋግሩን።

አሁን በእጃችሁ ያለውን ተጎታች ቤት ከታኅሣሥ 15 በፊት ወደ ግቢያችን አምጡልን፤ መምጣት ለማይችሉ በየሳምንቱ ሐሙስ መካኒካችን ወደ ሮብ ገበያ ይወጣል። ስትደውሉ ሦስት ነገር ያዙ፦ ያላችሁበትን ቦታ፣ በማሞቂያው መስኮት ላይ የሚታየውን ቁጥር፣ የጭሱን ቀለም። የቡታጋዝ ማሞቂያ እስካሁን ያልመለሳችሁም በዚያው ቀን አስረክቡ፤ ማስያዣችሁ ሳይቀነስ ወዲያው ይመለሳል።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ባለቤትና ሠራተኞች