ስልክና ጩኸት በአዲስ አበባ–ባሕር ዳር በረራ

ክቡር አዘጋጅ፣

«በአውሮፕላን ውስጥ ስልክ ዝጉ የሚባለው ለወጉ ነው» የሚሉ ሰዎች በከተማችን ጥቂት አይደሉም። እርግጥ ነው፣ አንድ ስልክ አውሮፕላን አይጥልም። ክልከላው ግን ለወጉ አይደለም።

ስልክ ታወር ሲርቀው ኃይሉን እያሳደገ ይፈልጋል። በ4ጂ ኔትወርክ ከ0.2 ዋት ገደማ አያልፍም፤ በአሮጌው 2ጂ ግን እስከ 2 ዋት ይደርሳል። የ2ጂ ስልክ ሬዲዮ አጠገብ ሲቀመጥ የሚሰማው «ትርርር» የአብራሪው ጆሮ ማዳመጫ ውስጥም ሊገባ ይችላል፤ ያውም ጣና ላይ ዝቅ ሲሉ፣ ከማረፊያው ጋር በሚነጋገሩበት ሰዓት። ፍላይት ሞድ ይህን ያስቀራል፤ ባትሪም ይቆጥባል።

አንዳንድ የውጭ አየር መንገዶች ትንሽ የስልክ ታወር አውሮፕላኑ ውስጥ ስለሚተክሉ ስልኩ በዝቅተኛ ኃይል ይሠራል። ይህ እኛም ጋ ቢመጣ ጽሑፍ ይፈቀድ፣ የድምፅ ጥሪ ግን ባይፈቀድ እላለሁ። በዚህ መስመር የሚበረው ዳሽ 8 ኪው 400 አውሮፕላን ፕሮፔለሩ (የሞተሩ ማራገቢያ) ባለ 6 ክንፍ ነው። መደበኛ ከፍታው ላይ በደቂቃ 850 ጊዜ ስለሚዞር፣ የአየሩ ምት በሰከንድ 85 ጊዜ ግድግዳውን ይደበድባል። ድምፁን የሚያፍን መሣሪያ ቢገጠምለትም ጉርምርምታው ጨርሶ አይጠፋም። በዚያ መሃል ስልክ የሚያወራ ሰው የራሱን ድምፅ በደንብ ስለማይሰማ ሳይታወቀው ይጮኻል።

ጩኸት የሚከብደው ሰው ከፕሮፔለሩ ትይዩ ካሉት የፊት ረድፎች ይልቅ ከኋላ ወንበር ይጠይቅ። በጄት ግን ተቃራኒው ነው፤ ጸጥ የሚለው ፊቱ ነው። ድምፅ የሚሰርዘው ውድ ኢርፎን ጉርምርምታውን ይቀንሳል፤ የሰው ንግግር ግን ያሳልፋል፣ እንዲያውም የጎረቤትን ወሬ አጥርቶ ያሰማል። ለወሬ የሚሻለው ርካሹ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ነው። በጣት አጥብቆ ጠቅልሎ ማቅጠን፣ በሌላው እጅ ከራስ በላይ አሳልፎ የጆሮን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ፣ አስገብቶ እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣት መያዝ ነው። ግማሹ ውጭ ከቀረ እምብዛም አይጠቅምም፤ ብዙዎች «አይሠራም» የሚሉት ለዚህ ነው። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ቀስ ብሎ ማውጣት ይገባል፤ ጆሮ እንደተደፈነ የአየር ግፊቱ ሲለወጥ ያማል።

ስልክ ወንበር ሥር ከገባ ደግሞ ወንበሩን አታንቀሳቅሱት፤ የተጨፈለቀ ባትሪ እሳት ያስነሳል። ሆስተሷን ጥሩ።

አንባቢ፣ ከባሕር ዳር