አንድ ዓመት ለአንዲት ጊታር፦ የፈጠራ ክበብ ዘገባ

ዘንድሮ የፈጠራ ክበብ ምን ሠራ ለምትሉ መልሱ አጭር ነው። ጊታር ሠራን። አንድ የኤሌክትሪክ ጊታር። ዓመቱን ሙሉ።

ይህን ስል መምህራን ማረፊያ ውስጥ ፈገግ የሚል እንዳለ አውቃለሁ። «የፊዚክስ መምህሩ አዝማሪ ቤት ሊከፍት ነው» የተባለውም ጆሮዬ ደርሷል። ሌሎቹ ክበባት ችግኝ ተከሉ፣ ሚኒ ሚዲያው በየጠዋቱ ዜና አነበበ፣ ድራማ ያሳየም አለ። እኛ ከላቦራቶሪው ጀርባ ባለችው ጠባብ የዕቃ ክፍል ውስጥ እንጨት ስንፍቅ ከረምን። እንግዲህ ገጽ ከተሰጠኝ አይቀር የሆነውን ሁሉ ላውራው።

የተለመደውን ቶሎ ላሳልፈው። ክበቡ ጥቅምት ላይ በ17 አባላት ሥራ ጀመረ። ሊቀ መንበርና ጸሐፊ መረጠ፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ተሰበሰበ፣ ቃለ ጉባዔ ያዘ። ቃለ ጉባዔው አለ፣ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። ዓመቱን የጨረሱት 11 ናቸው። የቀሩት የፈተና ጥናት በዛብን አሉ፣ አንዱ ግን በግልጽ «ቲቸር፣ ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ሰለቸኝ» ብሎ ነው የሄደው። አልፈረድኩበትም።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት የቀድሞ ተማሪያችን ነው። ውጭ አገር ትኖራለች፣ ለበዓል ስትመጣ «ለክበቡ ምን ላምጣ?» ብላ ደወለች። ላፕቶፕ እላታለሁ ብላ ነበር መሰለኝ። ልጆቹን ሰብስቤ ጠየቅኳቸው። ግማሹ ሮቦት አለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ክራር ደርዳሪ ልጅ «የጊታር መለዋወጫ» አለ። ሳቁበት። እኔ ግን ቤቴ ሄጄ ሳስበው አደርኩ።

ምክንያቱም ጊታርም እንደ ባጃጅ መለዋወጫ አለው። ባጃጅ ሞተር ሲነክስ ሙሉውን አይጣልም፣ ሞተር ይገዛለታል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፌንደር የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የጊታሩን አንገት በኮላ በመለጠፍ ፈንታ በአራት ብሎን እያሰረ ለገበያ አወጣ። አንገቱ ቢበላሽ ፈትቶ መቀየር ነው። ያ አሠራር እየሰፋ ሄዶ ዛሬ አንገት ለብቻው፣ መቃኛ ለብቻው፣ ክሩ አካሉ ላይ የሚያርፍበት ብሪጅ ለብቻው፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፒክአፕ ለብቻው ይሸጣል። ብዙ አምራቾች የሚሠሩት በዚያው በፌንደር ልክ ስለሆነ የአንዱ አንገት የሌላው አካል ላይ ይገጥማል። የአንገቱ ግርጌ ስፋት 56 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንጨትህ ላይ በዚያ ልክ ጉድጓድ ከቆፈርክለት ገብቶ ይቀመጣል።

ኅዳር ላይ ዕቃው በሻንጣ መጣ። 22 ፍሬት (ክሩን በጣት የሚጫኑባቸው ቀጫጭን የብረት መስመሮች) ያለው የሜፕል እንጨት አንገት፣ ስድስት መቃኛ፣ ብሪጅ፣ አንድ ሃምበከር የሚባል ፒክአፕ፣ ሁለት ፖታሽየሜትር (የድምፅ ማስተካከያ)፣ የሽቦ መሰኪያ ጃክና ሁለት ዙር ክር። አካሉን እኛ ልንሠራ።

እዚህ ላይ ለአንድ ጥያቄ መልስ መስጠት አለብኝ። «ገዝቶ መገጣጠም ደግሞ መሥራት ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ተነስቷል፣ ያውም ከባልደረቦቼ። አንገቱን ያልሠራነው ስለሰነፍን አይደለም። ውስጡ የብረት ዘንግ አለ፣ ክሩ ሲወጠር አንገቱ እንዳይጎብጥ የሚይዘው እሱ ነው። ፍሬቶቹ ደግሞ በሚሊ ሜትር ክፋይ ካልተቀመጡ ጊታሩ ዕድሜውን ሙሉ ይዋሻል። ይህን በመጋዝና በማስመሪያ የሚሠራ ካለ ይምጣና ያሳየን። የቀረውን ግን ልጆቹ በእጃቸው ሠሩት።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለ የአንዱ አባላችን አጎት አናጢ ናቸው፣ ከአሮጌ ቁም ሳጥን የተረፈ ደረቅ ሳንቃ ሰጡን። «እርጥብ እንጨት ነገ ይጠመዝዝባችኋል፣ ይሄ የደረቀው እናንተ ሳትወለዱ ነው» አሉን። ሁለት ሳንቃ በኮላ ተጣብቆ፣ ተላግቶ፣ ውፍረቱ ወደ 45 ሚሊ ሜትር እንዲደርስ ተደረገ። በሌላው አገር የአንገቱን መቀመጫ በማሽን በደቂቃዎች ይቆፍሩታል። የእኛ ልጆች በመሮና በመዶሻ ሦስት ሐሙስ ፈጀባቸው። ተረኛው ሲመታ ሌላው ትንፋሹን ይይዝ ነበር። አንገቱ ሲገባ ወረቀት እንኳ የማያሾልክ ሆኖ ተገኘ። እኔ ራሴ ያን ያህል አልጠበቅኩም።

በአንገቱ ራስ በኩል ክሩ የሚያርፍባት ትንሽ መደገፊያ ደግሞ ከዕቃው መሀል ጠፍታ ነበር። ፕላስቲኳን ማን ያመጣልናል ስንል አንዷ ልጅ የገና ቅርጫ በሬ ቅልጥም ከቤቷ ይዛ መጣች። ቀቅለው፣ አድርቀው፣ በሞረድ ፍቀው ስድስት ቦይ አወጡላት። ጥሩ ጊታሮች ላይም አጥንት ነው የሚደረገው። ክፍሉ ግን ለሁለት ሳምንት ሉካንዳ ሉካንዳ ሸተተ፣ ኬሚስትሪ መምህሯን አሁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚያ ተሳሳትን። የካቲት ላይ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። በዚህ ጊታር ከአጥንቷ እስከ ብሪጁ 648 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ 12ኛው ፍሬት መሀል ላይ፣ 324 ላይ ይውላል። እኔ መለኪያውን ከአጥንቷ መጀመር ሲገባኝ ከአጥንቷ ኋላ ካለው የአንገቱ ጠርዝ ጀመርኩ። ብሪጁ 8 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ታሰረ። ክር ስንወጥር ባዶው ክር ልክ ነው፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲጫኑት ግን ድምፁ ከእጥፉ በላይ ይቀጥናል። ልጆቹ ክሩን ወቀሱ፣ አንገቱን ወቀሱ። ሜትሩን ያነሳችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። ምንም አላለችም። ለካች፣ ደብተሯ ላይ 640 ብላ ጻፈች፣ ደብተሩን ወደ እኔ አዞረችው። ብሎኑን ፈታን፣ ቀዳዳዎቹን በዋንዛ ስንጥር ደፈንን፣ እንደገና በሳን። ጠባሳው አሁንም ከብሪጁ ሥር ይታያል። በቫርኒሽ እንሸፍነው ሲባል እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ኤሌክትሪኩን ባጭሩ ልናገር። ፒክአፕ ማለት ማግኔት ላይ በሺዎች ዙር የተጠመጠመ ፀጉር የሚያክል የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፣ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘውና እኔ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምስለው ያው ነገር ነው። ስስለው ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል። ዘንድሮ ግን ልጆቹ ቴስተሩን ፒክአፑ ላይ አድርገው 8 ኪሎ ኦም ሲያነብ ጨፈሩ። መጀመሪያ ስንሰካው የአዳራሹ አሮጌ ሞንታርቦ ዥዥዥ ብሎ ብቻ ዋለ። የመሬት ሽቦው ከብሪጁ ጋር አልተያያዘም ነበር። ያለን የሶልደር ካውያ አንድ ነው፣ እሱም የኔ የግሌ ነው፣ ስለዚህ ተራ ስንጠብቅ ሌላ ሁለት ሐሙስ ሄደ። ላቦራቶሪያችን በ2014ቱ ጦርነት ባዶውን ከቀረ ወዲህ የተተካልን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አላብራራም።

አሁን ልናገረው ወደፈለግኩት ልምጣ። ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ ወደ ውጫሌ ሄድን። ክራር ደርዳሪው ልጅ አያቱ እዚያ ናቸው፣ ክራር እየሠሩ ያረጁ ሰው። የሚኒባሱን ከወላጆችና ከኪሴ አዋጣን። ሐይቅን አልፈን ውጫሌ እስክንደርስ አብሮን የመጣው የታሪክ መምህር የውጫሌ ውል ስለተፈረመበት ስለ ይስማ ንጉሥና ስለ ውሉ አንቀጽ 17 ሲናገር ነበር። 1881 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ 25። ልጆቹ ቀኑን በቃላቸው ያዙት፣ ሌላ ምርጫም አልነበራቸው።

ሽማግሌው ቡና አስፈሉልን፣ ከዚያ «በሉ እስቲ የደከማችሁባትን አምጧት» አሉ። ጊታሯን እንደ ጊታር አልያዟትም። እንደ ክራር ጭናቸው ላይ አቆሟት። ፍሬቱን ጭራሽ አልነኩም፣ በአውራ ጣታቸው ባዶዎቹን ስድስት ክሮች ከላይ እስከ ታች ጠረጉ። ትንሿ የባትሪ ስፒከር የጊታሩን መደበኛ ቅኝት፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ አለች። ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ልጆቼ፣ እኒህን ክሮች ማን አጣላቸው?»

ሁላችንም ሳቅን። ጊታር እንዲህ ነው የሚቃኘው ብዬ ላስረዳ ስጀምር ያቺ የ10ኛ ክፍል ልጅ ብድግ አለች። ዓመቱን ሙሉ ስም ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። «አባባ፣ እስቲ በክራርዎ የአምባሰልን ቅኝት ይምቱልኝ» አለች። መቱላት። ስልኳ ላይ መቃኛ አፕ አለ፣ እያንዳንዱን ድምፅ ደብተሯ ላይ አሰፈረች፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ከጎኑ የጊታሩን ስድስት ክሮች ጻፈች። ትንሽ አፈጠጠችበት። ከዚያ መቃኛዎቹን ማዞር ጀመረች። ሁለቱን ኢ ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ፣ ኤፍ ሆኑ። ኤ እና ዲ ግማሽ ወደ ታች፣ ኤ ፍላትና ዲ ፍላት ሆኑ። ቢ ግማሽ ወደ ላይ፣ ሲ ሆነ።

«ጂን አልነካውም ቲቸር፣ እሱ ድሮም ወሎዬ ነው» አለችኝ።

ማንም ክር ከግማሽ ድምፅ በላይ አልተንቀሳቀሰም። ሃያ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፣ ጊታርም እሞክራለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን አስቤው አላውቅም። ቤት ያለ ጊታር ካላችሁ ሞክሩት።

ጊታሯን መለሰችላቸው። እንደገና በአውራ ጣታቸው ጠረጉ። ዝም አሉ። አንዴ ደገሙት። «እ፣ አሁን ታረቁ» አሉ። ከዚያ አንዷን መቃኛ በጣም በጥቂቱ መለስ አደረጓት። ልጅቷ ስልኳን አይታ «አባባ፣ አሁን ቀይ አለብኝ፣ ልኩን ለቀቀ» ብትላቸው «ስልክሽ አምባሰል ያደገ አይደለማ» አሏት። ልክም ነበሩ። ፍሬት ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፉ ያለውን ርቀት አሥራ ሁለት እኩል ቦታ ይከፍለዋል፣ የሳቸው ጆሮ ግን እኩል አይከፍልም። ስትመቱት ይሰማችኋል።

ከዚያ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ላይ መቱ፣ እሳቸው በእኛ ጊታር፣ እሱ በሳቸው ክራር። ጎረቤት መጣ። አንዲት እናት ስፒከሯን ዞር ብለው አይተው «ይቺ ሳጥን ናት የምትዘፍነው?» አሉ። የታሪክ መምህሩ አንቀጽ 17ን ረሳው። እኔም ፎቶ ማንሳት ረሳሁ፣ ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ያለው ፎቶ የመመለሻው ነው፣ ሁሉም ሚኒባሱ ውስጥ ተኝተዋል።

የወላጆች ቀን ላይ የሆነውን ያያችሁ አይታችኋል። ልጆቹ መድረክ ወጡ፣ ጃኩን ሰኩ፣ መብራት ሄደ። ጄነሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፣ ለምን እንዳልነበረው ለመጠየቅ ቦታው እዚህ አይደለም። በባትሪዋ ስፒከር መቱ፣ ፊት ያሉት ሦስት መደዳ ብቻ ሰሙ። ከኋላ የነበራችሁ ወላጆች «ምን ነበር ያደረጉት?» ብላችሁ ስትጠይቁ ሰምቻለሁ። ይኸው ያደረጉት።

ለሚቀጥለው ዓመት ብዙ አንጠይቅም። አንድ ትራፓኖ፣ አንድ ሞርሳ፣ ሁለት የሶልደር ካውያ፣ የጣሪያው ቀዳዳ መደፈን። ለስፖርት በየዓመቱ ማልያ ይገዛል፣ እሰየው፣ የፈጠራ ክበብ ግን ዘንድሮ ከትምህርት ቤቱ ያገኘው አንድ ደስጣ ወረቀት ነው። ውጭ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቻችን ለበዓል ስትመጡ ሻንጣ ውስጥ አንድ ፒክአፕ ወይም አንድ ዙር ክር ቦታ አይይዝም። ዋንዛው ከኛ። የአናጢው ሁለተኛ ሳንቃ ተቀምጦልናል፣ ሁለተኛዋ በባቲ ቅኝት ትቃኛለች ብለው ልጆቹ ከወዲሁ እየተከራከሩ ነው፣ ደብተሯን የያዘችው ልጅ ደግሞ ስንት ክር መንካት እንዳለበት እያሰላች ነው።

ጊታሯን ማየት የሚፈልግ ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ይምጣ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። መሞከር ይቻላል፣ መቃኛውን መንካት ግን አይቻልም። ባለፈው አንድ መምህር «ተዛብቷል» ብሎ ወደ ኢ መልሶት ልጆቹ ሦስት ቀን አኩርፈውታል።