ማክሰኞ ደብዳቤ ለሚነበብባት ክፍል የድጋፍ ጥሪ

አሥር ዓመቴ ነበር። እናቴ ሐኪም ፊት ተቀምጣለች፤ እኔ መሃል ቆሜ አስተረጉማለሁ። ሐኪሙ አንድ ቃል ተናገረ። በዕብራይስጥ ገብቶኛል፤ በአማርኛ ምን እንደሚባል ግን አላውቅም። «ደህና ነሽ ይላል» አልኳት። ደህና አልነበረችም። እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬም አለችልን፤ ያቺ ቀን ግን ከልቤ አልወጣችም።

የእኛ ቤት ብቻ አልነበረም እንዲህ። በ1991 እ.ኤ.አ. በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከኢትዮጵያ እስራኤል ገባ። ቋንቋውን ቀድሞ የለመደው ልጅ ነው። ስለዚህ የወላጅ ጉዳይ ሁሉ ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ባንኩም፣ ኩፓት ሆሊሙም (የጤና መድኑ)፣ የትምህርት ቤት ስብሰባውም።

ይህን ሸክም የሚያቀሉ ወጣቶች ሰፈራችን፣ ሬሆቮት ከተማ ቂርያት ሞሼ፣ ገብተዋል። ዘጠኝ ናቸው። ከሠራዊት ወጥተው ትምህርት ወይም ሥራ የጀመሩ። አምስቱ የእኛው ልጆች ናቸው፤ የአራቱ ወላጆች ከሌላ አገር የመጡ አይሁዶች ናቸው። እንዲህ ያለው ስብስብ እዚህ «ጋርዒን» ይባላል፤ በፍሬ ውስጥ ያለው ዘር ማለት ነው። አንድ ቤት ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። ያገኙትን አንድ ኩፓ (የጋራ ካዝና) ውስጥ ይከታሉ፤ ኪራዩም አስቤዛውም ከዚያው ነው። እናቴ ስትሰማ «እቁብ ነው?» አለች። እቁብ አይደለም፤ እጣ የለውም። የጎደለበት ይወስዳል።

በአዘቦት ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቻችንን ያስጠናሉ። ማክሰኞ ደግሞ የደብዳቤ ቀን ነው። እማማና አባባ የሳምንቱን ደብዳቤ በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። የቢቱዋህ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን መሥሪያ ቤት)፣ የማዘጋጃ ቤት፣ የመብራት። አንዱ አብሯቸው ተቀምጦ ያነብላቸዋል፤ መልስ የሚፈልግ ካለ እዚያው ይጽፋል። የሐኪም ቀጠሮ ሲኖርም አብረዋቸው ይሄዳሉ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ያልተከፈተ ደብዳቤ ሙሉ ፌስታል ይዘው መጡ። አራት ማክሰኞ ፈጀ። ሲያልቅ ዳቦ ጋግረው አመጡላቸው። አሁን ዓርብ ዓርብ የዚያ ቤት ዳቦ ከእሳቸው ነው።

ችግራችን ቦታ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ወጣቶቹ በሚኖሩበት ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌዎች መሃል ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው ሲያርፉ ሳይ አንጀቴን ይበላኛል።

አሁን ከሕንፃው ሥር ያለውን ሚቅላት (የቦምብ መጠለያ) እንድንጠቀምበት ተፈቅዶልናል። ግድግዳውን እርጥበት በልቶታል፤ መብራቱም አይሠራም። የሰፈሩ ቀለም ቀቢዎችና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች በነፃ ሊሠሩልን ቃል ገብተዋል። የጎደለን የዕቃው መግዣ ነው፦ ቀለም፣ አምፖልና ሽቦ፣ ማሞቂያ፣ አንድ ፕሪንተር፣ ጠረጴዛና ወንበር። ጠረጴዛዎቹ የሚታጠፉ ይሁኑ ብለናል። ሳይረን ሲጮህ ክፍሉ መልሶ መጠለያ ነውና ሰው የሚገባበት ቦታ መኖር አለበት።

50 ሸቀል የሚሰጠንንም፣ ማሞቂያ ገዝቶ የሚያመጣልንንም በእኩል እናመሰግናለን። በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሰፈራችን ባለ ዘመዳችሁ በኩል ላኩልን። ገንዘቡን የሚይዙት ሰፈሩ የመረጣቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ገቢና ወጪው በየወሩ ጸሎት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ዝናቡ ሳይጠና፣ ከስግድ በዓላችን በፊት ብንጨርስ ምኞታችን ነው። ደብዳቤ ያላችሁ ማክሰኞ ይዛችሁ ኑ፤ እስከዚያው ሦስተኛ ፎቅ ነን።